ግንቦት 28 ከየት መጣ? በዚያ ቀንስ ምን እንሥራ? ጥያቄና መልስ

የዓለም የአካባቢ ቀን ሲቃረብ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ መምህራን፣ ተማሪዎችና የዕድር አባላት ላነሷቸው ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች ናቸው። «እ.ኤ.አ.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ (መምህርት፣ ሱሉልታ)፦ ጋሼ፣ ተማሪዎቼ ቀኑ ለምን ግንቦት 28 እንደሆነ ይጠይቁኛል። ምን የሆነበት ቀን ነው?

መልስ፦ ጉባኤ የተከፈተበት ቀን ነው። የስዊድን ሐይቆች ከሌሎች አገሮች ፋብሪካዎች ጭስ በሚመጣ አሲዳማ ዝናብ ይጎዱ ነበር፤ አንድ አገር ብቻውን የሚፈታው ችግር አልነበረም። ስለዚህ ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1968 የተባበሩት መንግሥታት በጉዳዩ ላይ ጉባኤ እንዲጠራ ሐሳብ አቀረበች። ጉባኤው በስቶክሆልም ግንቦት 28 ቀን 1964 ዓ.ም. ተከፍቶ እስከ ሰኔ 9 ቆየ። የሕንዷ ጠቅላይ ሚኒስትር ኢንድራ ጋንዲ ድህነትን ሳይነኩ አካባቢን መጠበቅ እንደማይቻል የተናገሩት እዚያ ነው፤ ለተማሪዎችዎ ይህን ባይዘሉት መልካም ነው፣ ምክንያቱም ክርክሩ ዛሬም አላለቀም። ታኅሣሥ 6 ቀን 1965 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በውሳኔ ቁጥር 2994 ቀኑን ሰየመ። ዋና መሥሪያ ቤቱ ናይሮቢ የሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም የተቋቋመውም በዚያው ዕለት ነው።

ጥያቄ (ቡራዩ)፦ ሚያዝያ 14 የሚከበረው የመሬት ቀንስ? ያው አይደለም እንዴ?

መልስ፦ አይደለም፤ መነሻው አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1969 ካሊፎርኒያ ሳንታ ባርባራ አጠገብ ከባሕር ውስጥ የነዳጅ ጉድጓድ የፈሰሰ ዘይት ዳርቻውን አጠቆረው። የዊስኮንሲኑ ሴናተር ጌሎርድ ኔልሰን ይህን ካዩ በኋላ በየዩኒቨርሲቲው የአንድ ቀን ትምህርትና ውይይት እንዲካሄድ ሐሳብ አመጡ፣ ዴኒስ ሄይስ የተባለ ወጣትም አስተባበረው። ቀኑ ሚያዝያ 14 ቀን 1962 ዓ.ም. የሆነው ተማሪው ከፀደይ ዕረፍት ተመልሶ ፈተና ሳይጀምር ስለሚገኝ ነው። ወደ 20 ሚሊዮን ሰው ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1970 መጨረሻ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። የተባበሩት መንግሥታት ቀኑን በቦሊቪያ ሐሳብ አቅራቢነት የተቀበለው ግን እ.ኤ.አ. በ2009 ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ አንዱ ቀን የተመረጠው በጉባኤ መክፈቻ፣ ሌላው በትምህርት ካሌንደር ነው። የኛን ዝናብ አይቶ የወሰነ የለም።

ጥያቄ (ተማሪ፣ አቃቂ)፦ ከሁለቱ በፊት የነበረ ቀን አለ?

መልስ፦ አለ፣ ልጄ። የአሜሪካዋ ነብራስካ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 10 ቀን 1872 የዛፍ ተከላ ቀን አክብራለች፤ ሜዳዋ ዛፍ አልነበረውም።

ጥያቄ (የዕድር ጸሐፊ፣ ለገጣፎ)፦ ዘንድሮም ግንቦት 28 ላይ 300 ችግኝ ልንተክል አስበናል። አምና በዚሁ ቀን የተከልነው አብዛኛው ደረቀ፤ ምክንያቱ ምን ይሆን?

መልስ፦ ቀኑ ነው። በግንቦት መጨረሻ የሚጥለው ዝናብ የላይኛውን አፈር አርሶ ይቆምና ፀሐይ ይመለሳል፤ ገና ያልተዘረጋ ሥር ያንን አይችልም። እባካችሁ ግንቦት 28ን የጉድጓድ ቀን አድርጉት፣ ችግኙን ለሐምሌ አቆዩት።

ጉድጓዱ ወርዱም ጥልቀቱም 40 ሳንቲ ሜትር ይሁን። የላይኛውን ጥቁር አፈር በአንድ ወገን፣ የሥረኛውን በሌላ ወገን አስቀምጡ፤ ሲተከል የላይኛው መጀመሪያ ወደ ሥሩ ይገባል። በመካከላቸው 2.5 ሜትር ከተዋችሁ ለ300 ችግኝ 1,875 ካሬ ሜትር ይበቃል። ቦታው ተዳፋት ከሆነ ከጉድጓዱ በታች በኩል በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ እርከን ሥሩ፣ ጎርፉ ይያዛል።

ተከላው ዝናቡ ከጸና በኋላ፣ ስትቆፍሩ እርጥበቱ 30 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ነው። ከችግኝ ጣቢያ ከመውሰዳችሁ በፊት ጣቢያው ውሃና ጥላ እየቀነሰ እንዳለማመዳቸው ጠይቁ፤ ከጥላ በቀጥታ የወጣ ችግኝ ቅጠሉ ይቃጠላል። ስትሸከሙ ፕላስቲኩን እንጂ ግንዱን አትያዙ። ፕላስቲኩ በምላጭ ተቀዶ ሙሉ በሙሉ ይውጣ። ብዙ ቦታ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው፦ ለችኮላ ከነፕላስቲኩ ይቀበራል፣ ሥሩ እዚያው ይጠማዘዛል፣ ክረምቱን ለምልሞ በበጋ ይሞታል። የግንዱና የሥሩ መገናኛ ከመሬቱ ልክ ይሁን፤ ከዚያ አፈሩን በእግር ጠቅጠቅ አድርጉት፣ ውስጡ አየር እንዳይቀር።

ጥያቄ (አቃቂ)፦ የእኛ አፈር ዋልካ ነው። ክረምት ጉድጓዱ ኩሬ ይሆናል።

መልስ፦ ከጉድጓዱ ይልቅ ከፍ ያለ መደብ ይሻላችኋል። 20 ሳንቲ ሜትር ያህል አፈር ቆልላችሁ ጫፉ ላይ ትከሉ፣ ዙሪያውን ውሃ ማስወጫ ቦይ ቅደዱ። ዋልካ በበጋ ስለሚሰነጠቅና ሥር ስለሚበጥስ ጥቅምት ላይ በደረቅ ሣር ሸፍኑት፤ ሣሩ ግንዱን እንዳይነካ።

ጥያቄ (የእንጦጦ ግርጌ)፦ የትኛውን ዛፍ እንምረጥ?

መልስ፦ ሐበሻ ጽድ፣ ወይራ፣ ጥቁር እንጨት፣ ከፍ ባለው ላይ ኮሶ። ባሕር ዛፍ የማገዶና የአጣና ችግር ፈትቷልና አልንቀውም፤ ምንጭ ዳርና ማሳ ዳር ግን አይሁን።

ጥያቄ (መምህርት፣ ሱሉልታ)፦ ከተተከለ በኋላ ተማሪዎቹ ምን ይሥሩ?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት አጥር። በግና ፍየል ልቅ በሚሰማሩበት ቦታ ሌላው ድካም ሁሉ ከንቱ ነው። ጳጉሜንና መስከረም ላይ ዙሪያውን አንድ ሜትር አርሙና ኮትኩቱ። ሱሉልታ ውርጭ ስላለባት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ለጋውን ኮሶ በሣር ዳስ ሸፍኑት፣ ጠዋት ግለጡት። መስከረም መጨረሻና ግንቦት ላይ የጸደቀውን ቆጥራችሁ በየዝርያው መዝግቡ፤ የሞተውንም ነቅላችሁ ሥሩን እዩ፣ የተጠማዘዘ፣ የበሰበሰ ወይስ የደረቀ መሆኑን። ለሐምሌ መተኪያ ስንትና የትኛውን እንደምታዝዙ የሚነግራችሁ ያ መዝገብ ነው።