የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ የታይሮይድ ዕጢ ሲቆጣ

ጥያቄ፦ ከወለድኩ ስድስተኛ ወሬ ነው። መጀመሪያ ላይ ልቤ ይመታ፣ እጄም ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አሁን ደግሞ ብርድ ብርድ ይለኛል፣ ድካሙም አላስነሳ አለኝ። ቤተሰቦቼ «የአራስነት ነው» ይላሉ።

መልስ፦ ከወሊድ በኋላ የሚከሰት፣ አንገት ላይ የሚገኘው የታይሮይድ ዕጢ መቆጣት ሊሆን ስለሚችል በደም ምርመራ መረጋገጥ ይኖርበታል። በእርግዝና ወቅት ረግቦ የቆየው የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ከወሊድ በኋላ ሲያንሰራራ በአንዳንድ እናቶች ላይ የገዛ ዕጢያቸውን ያጠቃል። የተቆጣው ዕጢ አምርቶ ያከማቸውን ሆርሞን ወደ ደም ሲያፈስ ልብ በፍጥነት ይመታል፤ ክምችቱ ሲሟጠጥ ደግሞ ዕጢው እስኪያገግም ድረስ እጥረት ይከተላል። የሆርሞን ምርትን የሚገቱ መድኃኒቶች በመጀመሪያው ደረጃ የማይታዘዙትም ችግሩ የተመረተው መፍሰሱ እንጂ ምርቱ መብዛቱ ስላልሆነ ነው። አብዛኞቹ እናቶች በ1 ዓመት ጊዜ ውስጥ ይድናሉ፤ እጥረቱ የሚዘልቅባቸው ግን ስላሉ ክትትሉን አያቋርጡ። ሁሉን ነገር በአራስነት ማሳበብ፣ በደግነት ቢሆንም እንኳ፣ ምርመራን ያዘገያል።

ጥያቄ፦ ቲኤስኤች 6.2 ሆኖ ቲ-ፎር ግን ትክክል ነው ተባልኩ። ዕድሜ ልኬን ኪኒን ልውጥ ነው?

መልስ፦ በአንድ ውጤት ብቻ እንዲህ ያለ ውሳኔ ላይ አይደረስም። ቲኤስኤች ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ ታይሮይድን ለሥራ የምትቀሰቅስበት ሆርሞን ነው፤ ታይሮይድ ራሱ የሚያመርተው ሆርሞን፣ ቲ-ፎር፣ ልኩን ጠብቆ ቲኤስኤች ትንሽ ከፍ ማለቱ ታይሮይድዎ በብዙ ጉትጎታም ቢሆን ሥራውን እየሠራ እንደሆነ ያሳያል። ከ2 እስከ 3 ወር ቆይቶ ምርመራውን መድገም፣ ዕጢውን የሚያጠቁ ፀረ እንግዳ አካላት መኖራቸውንም አብሮ ማየት ይገባል። ከተገኙ፣ ጃፓናዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሃካሩ ሃሺሞቶ በ1912 እ.ኤ.አ. የገለጸው በስሙ የሚጠራው ሕመም ሊሆን ይችላል፤ እጥረቱ እየጨመረ የመሄድ ዕድሉም ከፍ ይላል። ቲኤስኤች ከ10 ሲያልፍ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒት ይታዘዛል። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ መጠነኛ ጭማሪ ብዙም አያስደነግጥም፤ እርጉዝ ከሆኑ ወይም ለማርገዝ ካሰቡ ግን 2 ወር ሳይጠብቁ ሐኪም ያማክሩ።

ጥያቄ፦ የታይሮይድ ሆርሞንን የሚተካውን ኪኒን፣ ሌቮታይሮክሲንን፣ በየጠዋቱ ከቡና ጋር እወስዳለሁ፤ ቲኤስኤች ግን አልወርድ አለ።

መልስ፦ ቡናው መድኃኒቱ ከአንጀት ወደ ደም እንዳይገባ ያውከዋል። ኪኒኑን በባዶ ሆድ በውኃ ይዋጡት፤ አቦሉ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል 1 ሰዓት ይቆይ። የብረት ወይም የካልሲየም ኪኒን ካለዎት በ4 ሰዓት ያራርቁት። ሐኪምዎ መጠኑን ከመጨመራቸው በፊት ይህንኑ ይንገሯቸውና ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ እንደገና ይመርመሩ።

ጥያቄ፦ ሃሺሞቶ አለብኝ። ጎመን መተው፣ አዮዲንም መጨመር አለብኝ?

መልስ፦ በስሎ በልክ የሚበላ ጎመን አይከለከልም። አዮዲን ያለው ጨው የሚጠቀም ሰው ግን ተጨማሪ የአዮዲን ኪኒን አያስፈልገውም፤ ከልክ ሲያልፍ የተቆጣውን ዕጢ ሊያባብሰው ይችላል።