ሲሼልስ ለመሄድ ላሰባችሁ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሲሼልስ የመሄድ ሐሳብ ያላችሁ ጥያቄያችሁን ላኩልኝ ብዬ ነበር። ብዙ ደረሰኝ። አገሩ ላይ ኖሬ ሠርቻለሁ፤ አሁንም ወዳጅ ዘመድ ወደዚያ ሲሄድ ጉዞውን አብሬ የማቅደው እኔ ነኝ። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ለጫጉላ ሽርሽር ሰባት ቀን አለን። ማሄን፣ ፕራሊንን፣ ላ ዲግን፣ ከተቻለም ሲሉዌትንና ዴኒስን ማየት እንፈልጋለን። ቀኑን እንዴት እናከፋፍለው?

መልስ፦ እንኳን ደስ አላችሁ! ግን አምስት ደሴት በሰባት ቀን አይሆንም። ጊዜያችሁ ወደብ ላይ ሻንጣ ስትጠብቁ ያልቃል። እኔ ብሆን ፕራሊንንና ላ ዲግን ብቻ እይዛለሁ፤ ዓለም አቀፉ አውሮፕላን ማረፊያ ባለበት ማሄ ላይ ደግሞ የመጨረሻዋን ሌሊት አድራለሁ።

ይህቺን የመጨረሻ ሌሊት አደራ አትዝለሏት። ከማሄ ፕራሊን በፈጣኑ ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ከፕራሊን ላ ዲግ ሩብ ሰዓት። በወረቀት ሲታይ ቀላል ነው። ግን ነፋስ ሲበረታ ጀልባው ይዘገያል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይቀራል። ጠዋት ከላ ዲግ ተነስቼ ከሰዓት በኋላ አውሮፕላን እይዛለሁ ማለት ቁማር ነው። ስለዚህ እቅዳችሁን ከሆቴሉ ሳይሆን ከባሕሩ ጀምሩ። መጀመሪያ ወሩን ምረጡ፣ ከዚያ የጀልባውን ሰዓት እዩ፣ ማደሪያው በመጨረሻ ይምጣ።

ጥያቄ፦ በየትኛው ወር ብንሄድ ይሻላል? ልጆቻችን ትምህርት የሚዘጋላቸው ክረምት ላይ ነው።

መልስ፦ ሙቀቱ ዓመቱን ሙሉ ያው ነው፤ ከ24 እስከ 31 ዲግሪ ገደማ። የሚለዋወጠው ነፋሱ ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም ከደቡብ ምሥራቅ ይነፍሳል። ዝናቡ ያንሳል፣ ባሕሩ ግን ይናወጣል። ከኅዳር መጨረሻ እስከ መጋቢት ደግሞ ከሰሜን ምዕራብ ይመጣና ዝናብ ያመጣል፤ በተለይ ታኅሣሥና ጥር ይከብዳሉ። በሁለቱ መሀል ነፋሱ ጋብ ይላል። ሚያዝያና ጥቅምት ማለት ነው። ውሃው ጠርቶ ታችኛውን አሸዋ የምታዩት ያን ጊዜ ነው። የእኛ ፋሲካ እንዳለፈ የሚሄድ ሰው ጥሩውን ወቅት ያገኛል።

ክረምት ላይም ቢሆን አትቅሩ። እኛ ጋ ጭቃና ዶፍ ሲሆን እዚያ ደረቁ ወቅት ነው። የምትመርጡት የባሕር ዳርቻ ብቻ ይለያል። በነዚያ ወራት የፕራሊን ግራንድ አንስ የባሕር ሣር ይሞላዋል፤ በሌላው ወገን ያለው ኮት ዶር ግን የተረጋጋ ነው። ማሄ ላይም ቦ ቫሎን ጸጥ ያለ ይሆናል። ማደሪያ ስትይዙ በየትኛው ወገን እንዳለ ካርታ ላይ እዩ። ይህን ሳያዩ ከፍለው የሚያዝኑ ብዙዎች ናቸው።

ጥያቄ፦ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ ያስፈልጋል?

መልስ፦ ቪዛ አያስፈልግም። ግን ዝም ብሎ መሳፈር የለም። ከጉዞው በፊት በኢንተርኔት የጉዞ ፈቃድ መጠየቅ ግዴታ ነው። የመመለሻ ትኬት፣ የተያዘ ማደሪያና ለቆይታ የሚበቃ ገንዘብ እንዳላችሁ ያያሉ። ማመልከቻውን በመንግሥታቸው በራሱ ገጽ ብቻ ሙሉ፤ ገጹን የሚመስሉና ትርፍ የሚያስከፍሉ ሌሎች ስላሉ ተጠንቀቁ።

ሁለተኛው የቢጫ ወባ ክትባት ነው። ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ሰው ቢጫ ካርድ ይጠየቃል፤ ዕድሜው አንድ ዓመት ለሞላው ሕፃንም ጭምር። ካርዱ የሚጸናው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት። ወባ ግን እዚያ የለም፤ የወባ ኪኒን አያስፈልጋችሁም። ትንኝ ስላለ የሚቀባ መከላከያ ያዙ።

ጥያቄ፦ እኔ ዱባይ ነው የምሠራው። በአዲስ አበባ በኩል ልሂድ ወይስ ከዚሁ በቀጥታ?

መልስ፦ እህቴ፣ ቤተሰብ ለማየት አዲስ አበባ የምትገቢ ከሆነ ከዚያው ቀጥዪ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማሄ ይበርራል፣ መንገዱም አራት ሰዓት ገደማ ነው። ለዕረፍት ብቻ ከሆነ ግን ከዱባይ ቀጥታ በረራ አለልሽ። የሰዓት ልዩነት እንኳ የላችሁም። አዲስ አበባ ከ12 ሰዓት በላይ የምትቆዪ ከሆነ የቢጫ ወባ ካርዱ አንቺንም ይመለከትሻል። ደግሞ ከመነሳትሽ በፊት የመኖሪያ ፈቃድሽ መቼ እንደሚያበቃ አጣሪ። መመለሻሽ የተረጋገጠ ካልሆነ እዚያም እዚህም ጥያቄ ይበዛብሻል።

ጥያቄ፦ ሲሼልስ የሀብታም አገር ነው ይባላል። መካከለኛ ገቢ ያለው ሰው ይችለዋል?

መልስ፦ ርካሽ ነው ብዬ አልዋሽህም። ግን በመጽሔት የምታየው ቅንጡ ቪላ አገሩን ሁሉ አይወክልም። በየደሴቱ ቤተሰብ የሚያስተዳድራቸው ገስት ሀውሶች አሉ፣ ብዙዎቹም ማብሰያ አላቸው። የሁለት ሰው ክፍል በ100 ዩሮ አካባቢ ማግኘት ይቻላል። ድንኳን ተክሎ ማደር ግን ክልክል ነው፤ እሱን ከሐሳብህ አውጣው።

ዋናው ደስ የሚለው ነገር የባሕር ዳርቻው ሁሉ የሕዝብ መሆኑ ነው። በሺህ ዩሮ የሚያድረው ሰው የሚዋኝበት አሸዋ ላይ አንተም ፎጣህን ዘርግተህ መተኛት ትችላለህ። ማሄ ላይ አውቶቡስ አለ፣ ዋጋውም ጥቂት ሩፒ (የአገሩ ገንዘብ) ነው። ትልቅ ሻንጣ ይዘህ ግን አይሆንም። ላ ዲግ ላይ መኪና እምብዛም ስለሌለ ሁሉም በብስክሌት ነው የሚሄደው። ገንዘብ የሚበላው የደሴት ለደሴት ጀልባና የመግቢያ ክፍያ ነው። ሁለት ደሴት ያዙ የምለው ለዚህም ነው። በተጨማሪ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በሰው በአዳር የሚታሰብ የአካባቢ ጥበቃ ክፍያ አለ፤ አነስተኛ ማደሪያ ያነሰ፣ ትልቅ ሆቴል የበለጠ ያስከፍላል። የውጭ ምንዛሪውን ነገር ከባንክህ ጋር ቀደም ብለህ ጨርስ፤ ፓስፖርትና ትኬት ይጠይቁሃል።

ጥያቄ፦ ጿሚ ነኝ። እዚያ ምን እበላለሁ?

መልስ፦ አትቸገሪም። ሕዝቡ በብዛት ካቶሊክ ስለሆነ የእኛን ዓይነት የጾም ምግብ የሚል ነገር አያውቁም፤ ግን ሩዝና ምስር የየዕለት ምግባቸው ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ቴክአዌይ ቤት ግቢ። መስታወቱ ጀርባ ድስቶቹ ተደርድረዋል። ሴትየዋ ሳጥኑን ከፍታ ሩዝ ትጨምርና ቀና ብላ ታይሻለች። በጣትሽ እያሳየሽ ትመርጫለሽ፦ ምስር፣ በኮኮናት ወተት የተሠራ ዱባ ወይም ደበርጃን፣ በሎሚና በሽንኩርት የታሸ ጥሬ ፓፓያ። ሚጥሚጣን የሚያስንቅ ቃሪያም ከጎን አለ። ከ100 ሩፒ ብዙ በማይርቅ ዋጋ ጠግበሽ ትወጫለሽ። ምስሩ ውስጥ ሥጋ ወይም ዓሣ ገብቶ እንደሆነ ጠይቂ፤ እንግሊዝኛ ሁሉም ይችላል። ሲቀቀል ድንችም ዳቦም የሚመስል ከዛፍ የሚወርድ ትልቅ ፍሬ አላቸው፣ ተጠብሶ ሲቀርብ በጣም ይጥማል። እሱን የበላ ተመልሶ ይመጣል ይላሉ።

ሽሮና በርበሬ ከያዝሽ ጉምሩክ ላይ አሳውቂ። ሥጋና ትኩስ ፍራፍሬ አትያዢ።

ጥያቄ፦ ዋና አልችልም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ብዙዎቻችን እንዲሁ ነን፣ ስለዚህ በግልጽ ልናገር። ላ ዲግ ላይ ያለችው ግራንድ አንስ ውብ ናት፤ ግን ውሃዋ ወደ ውስጥ ይጎትታል፣ ጎበዝ ዋናተኛም አይችለውም። እዚያ ከአሸዋው ፎቶ አንሳና ተመለስ። በዚያው ደሴት አንስ ሱርስ ዳርዣን የሚባለው በየፖስት ካርዱ የምታየው ባለ ግዙፍ ግራጫ ድንጋይ ዳርቻ ነው። ኮራሉ (ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሠሩት ድንጋይ መሰል አለት) ማዕበሉን ስለሚያግደው ውሃው ጥልቀት የለውም፤ ባሕሩ ሲሸሽ ጉልበትህ ድረስ እንኳ ላይደርስ ይችላል። መግቢያው ይከፈላል። የጎማ ጫማ አድርግ፣ ኮራል እግር ይቆርጣል።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ጡረተኞች ነን። ከባሕር ሌላ የሚታይ ነገር አለ ወይ?

መልስ፦ አለ እንጂ! ፕራሊን ሲደርሱ ቫሌ ደ ሜ የሚባለውን ጫካ እንዳያልፉት። እ.ኤ.አ. በ1983 በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው። ኮኮ ደ ሜር የሚባለው ዘንባባ በተፈጥሮ የሚበቅለው በዓለም ላይ ፕራሊንና አጠገቧ ባለችው ኩሪየዝ ደሴት ብቻ ነው። ዘሩ ከዕፅዋት ዘር ሁሉ ይከብዳል፤ እስከ 25 ኪሎ ይደርሳል። ፍሬው እስኪበስል ስድስት ሰባት ዓመት ይፈጅበታል። ነፋስ ሲመጣ ሰፋፊዎቹ ቅጠሎች እርስ በርስ ሲጋጩ ጫካው ሙሉ ይንኳኳል። አጭሩን መንገድ ከመረጡ ጉልበት አይፈትንም። በጠዋት ይግቡ፣ ጥቁሩን በቀቀን የማየት ዕድል ይኖርዎታል።

ታሪክ ለሚወድ ሰው አንድ ልጨምር። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘንድ እ.ኤ.አ. በ1879 በግብፅ መልእክተኛነት የመጣው እንግሊዛዊው ጎርደን፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ይህን ጫካ አይቶ ኤደን ገነት እዚህ ነበረች ብሎ እስከማመን ደርሷል። እንግሊዞች ደግሞ ደሴቶቹን የአፍሪካ ነገሥታት ግዞት አድርገዋቸው ነበር። በዛሬዋ ጋና የነበረው የአሻንቲ መንግሥት ንጉሥ ፕሬምፔ እ.ኤ.አ. ከ1900 እስከ 1924 ማሄ ላይ ተይዘው ኖረዋል። በዛሬዋ ኡጋንዳ የነበረው የቡጋንዳ መንግሥት ንጉሥ ሙዋንጋም ሕይወታቸው ያለፈው እዚያው ነው። የዛሬው ጎብኚ የሚከፍልበት ርቀት ለእነሱ እስር ቤት ነበር። ይህን እያሰቡ ደሴቱን ሲያዩ ሌላ ስሜት ይሰጣል።

ጥያቄ፦ ሕልሜ አልዳብራ የሚባለው ደሴት ነው። ከ100 ሺህ በላይ ግዙፍ ኤሊዎች አሉ ይባላል። እንዴት ልድረስ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ የምወደውን ያህል መልሱ ይከብደኛል። አልዳብራ ከማሄ ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ እንዲያውም ለማዳጋስካር ይቀርባል። አውሮፕላን ማረፊያ የለውም፣ ሆቴል የለውም፣ ያለው የተመራማሪዎች ጣቢያ ብቻ ነው። የሚያስተዳድረው ሲሼልስ አይላንድስ ፋውንዴሽን ነው፣ ያለ እሱ ፈቃድ ማንም አይወርድም። ጎብኚ በብዛት የሚደርሰው ባሕሩ በሚረጋጋባቸው ወራት በሚያልፉ የጉዞ መርከቦች ነው፤ ዋጋቸውም ብዙዎቻችን የምንችለው አይደለም።

ይህ መከልከል ደግሞ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ብሪታንያ እዚያ ወታደራዊ አየር ማረፊያ ልትሠራ ነበር። ሳይንቲስቶች አጥብቀው ተቃውመው እቅዱ በ1967 ቀረ። ያን ጊዜ መንደርደሪያው ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስለ ኤሊዎቹ ባላወራን ነበር።

ኤሊዎቹን ለማየት ግን አልዳብራ ድረስ መሄድ የለብህም። ከፕራሊን በትንሽ ጀልባ ኩሪየዝ ሂድ። እዚያ ያለ አጥር ይዘዋወራሉ። ጠባቂው ሲፈቅድልህ የአንዱን አንገት ሥር ቀስ ብለህ እከክለት። በአራት እግሩ ቀጥ ብሎ ይነሳል፣ አንገቱን ወደ ላይ ይስባል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆማል። እስክትተወው አይንቀሳቀስም።

ጥያቄ፦ ጀልባ ያስመልሰኛል። ሌላ መንገድ የለም?

መልስ፦ ማሄና ፕራሊን መሀል ትንሽ አውሮፕላን አለ፤ ሩብ ሰዓት ነው። ዋጋው ይወደዳል፣ የሻንጣው ክብደትም ውስን ነው። በጀልባ ከሄድክ ኪኒኑን ከመሳፈርህ በፊት ውሰድ፣ ከታች ከኋላ በኩል ተቀመጥ።

ጥያቄ፦ መኪና ተከራይቶ መንዳትስ?

መልስ፦ በግራ ነው የሚነዳው። የማሄ የተራራ መንገዶች ጠባብ ናቸው፤ ብዙ ቦታ ላይ ከአስፋልቱ ጫፍ ቀጥሎ ገደል ነው። በግራ ነድተህ የማታውቅ ከሆነ በአውቶቡስና በታክሲ ተጠቀም። የኤሌክትሪክ ሶኬቱም የእንግሊዞቹ ባለ ሦስት ጥርስ ስለሆነ ማቀያየሪያ ያዝ።

ጥያቄ፦ ኮኮ ደ ሜሩን ገዝቼ ማምጣት እችላለሁ?

መልስ፦ ትችያለሽ፣ ፈቃድ ካለው ሻጭ ብቻ። ፍሬው ላይ ምልክቱ፣ አብሮትም የወረቀት ፈቃዱ መኖር አለበት። መንገድ ላይ በቅናሽ እሰጥሻለሁ የሚል ሰው ካገኘሽ ተሰርቆ የተቆረጠ ነው፤ ኤርፖርት ላይ ይወሰድብሻል፣ ቅጣትም አለው። ዋጋው ብዙ ሺህ ሩፒ ነው። ዛጎልና ኮራልም ከዳርቻ ለቅሞ መውጣት አይፈቀድም። በዋና ከተማቸው በቪክቶሪያ ገበያ ውስጥ ቀረፋና ቫኒላ አለ፤ ለቤት ሰው እሱን ብትይዢ ይሻላል። ቅዳሜ በጠዋት ሂጂ፣ እሑድ አብዛኛው ሱቅ ዝግ ነው።