«ዱድ» ስድብ ነው ወይ?

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የ14 ዓመት ልጄ ነጋ ጠባ በእንግሊዝኛ «ዱድ!» (dude) ይለኛል። አንድ ዘመዳችን ደግሞ «የዝሆን መቀመጫ ላይ የሚበቅል ፀጉር ማለት ነው» ብሎ አስደነገጠኝ። ለእናት ይህ ይባላል? በአማርኛስ ምን ልበለው?

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ ዝሆኑን ከልብዎ ያውጡት። ወሬው ኢንተርኔት ላይ ሲዞር የኖረ ነው፤ አንዱ ዝሆን ይለዋል፣ ሌላው ግመል። ፈጠራ ነው።

ዱድ ስሙ የገነነው እ.ኤ.አ. በ1883 ኒው ዮርክ ውስጥ ነው። በዚያ ዓመት ጥር ወር «ኒው ዮርክ ወርልድ» ጋዜጣ በዱዶች ላይ የሚያሾፍ ግጥም አወጣ፤ ቃሉም ወዲያው አገር አዳረሰ። ዱድ ማለት ጠባብ ሱሪ ያጠለቀ፣ ከዘራ የያዘ፣ አነጋገሩ ሁሉ እንግሊዝ እንግሊዝ የሚል የሀብታም ልጅ ነበር። እኛ ዘናጭ የምንለው ዓይነት፣ ፌዝ ታክሎበት። ጄራልድ ኮኸንና ባሪ ፖፒክ የተባሉ የቃላት አጥኚዎች የዘመኑን ጋዜጦች አገላብጠው፣ «ያንኪ ዱድል» ከሚለው የድሮ ዘፈን ተቆርጦ የወጣ ነው ይላሉ። የዘፈኑ ዱድል ባርኔጣው ላይ ላባ ሰክቶ የዘነጠ የሚመስለው ሰው ነው። እኔን የሚያሳምነኝም ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞው ደስ ይለኛል። ከምሥራቅ ከተሞች ተነሥተው ዋዮሚንግና ሞንታና የከብት እርባታ ቦታዎች ለሽርሽር የሚሄዱ እንግዶች ዱድ ተባሉ። ፈረስ ላይ መውጣት የሚቸግረው፣ ቡትስ ጫማው ገና አቧራ ያልነካው ከተሜ ማለት ነው። ኒው ዮርክ ላይ አራዳ የነበረው ገጠር ሲደርስ ፋራ ሆነ፤ ቃሉ ግን ያው አንድ ቃል! እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ሰፋፊ ሱፍ የሚለብሱ ጥቁርና የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ወጣቶች አነሡት፣ እርስ በርሳቸውም ተጠራሩበት። ቀጥሎ የካሊፎርኒያ ማዕበል ቀዛፊዎች ያዙት። ጀለስ የሆነው እንግዲህ እዚህ ጋ ነው።

የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲው የቋንቋ ምሁር ስኮት ኪስሊንግ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመው ጥናት፣ ቃሉ ቅርበትን ያሳያል፣ ግን ከልክ ያላለፈ ቅርበትን ይላል። በብዛት የሚባባሉትም ወጣት ወንዶች ናቸው።

አሁን የልጅዎን አፍ ልብ ብለው ያዳምጡ። ምግቡ ጥሞት «ዱዉዉድ» ብሎ ካስረዘመው «ወይኔ፣ ሲጥም!» ማለቱ ነው። ስልኩን ሲቀሙት ቆረጥ አድርጎ «ዱድ!» ካለ ደግሞ «ኧረ በናትሽ!» ነው። ያን ጊዜ ቃሉ እርስዎን መጥሪያ መሆኑ ይቀርና ቃለ አጋኖ ይሆናል። ስለዚህ «ጀለስ» ብለው አይተርጉሙት፤ «አንተ ሰውዬ»ም አይደለም።

ስድብስ አይደለም። ቅር ማለትዎ ግን አይገርመኝም፤ በአማርኛ እናትን እንደ እኩያ የሚጠራ ቃል የለንም። ቤት ውስጥ አማርኛ ስታወሩ «እማዬ» እንዲልዎት ይንገሩት። በእንግሊዝኛ ሲሆን ዱዱን ይለፉለት።