ባስክ አገር በቡድን ሄጄ የበላሁትና ያየሁት

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ከባለቤትሽ ጋር ለ7 ቀን ወደ ባስክ አገር፣ በሰሜን ስፔንና በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ወዳለው የባስኮች ምድር፣ የቡድን የምግብ ጉብኝት ልትሄዱ አስባችኋል። ዋጋው ከብዷችኋል። «ብቻችንን ብንሄድ አይሻልም ወይ? የጾሙንና የአሳማውን ነገርስ እንዴት እናድርገው?» ብለሻል። እኔ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ፣ ከጀርመን ተነስቼ ሄጃለሁ። አሥር ሰው ነበርን። ሐበሻ እኔ ብቻ ነበርኩ።

መልሴን መጀመሪያ ልንገርሽ። የምትከፍዪው ብቻሽን ብትሄጂ ለማይከፈትልሽ በር ከሆነ ያዋጣል። ከቡና ቤት ቡና ቤት እየዞሩ ለመብላት ከሆነ አያዋጣም፤ እሱን ራሳችሁ ትችሉታላችሁ።

ከቀላሉ ልጀምር። ሳን ሴባስቲያን በስፔን በኩል ያለች የባሕር ዳር ከተማ ናት፤ አሮጌው ሰፈሯ በቡና ቤት የተሞላ ነው። ባንኮኒው ላይ ፒንቾ ይደረደራል። ፒንቾ ማለት ቁራሽ ዳቦ ላይ የሆነ ነገር ተደርጎ በስቲኪኒ የተወጋ ትንሽ ምግብ ነው። ዳቦ የሌለውም አለ። ሂልዳ የሚሉት ለምሳሌ የወይራ ፍሬ፣ በኮምጣጤ የተቀመጠ ቀጭን ቃሪያና በጨው የቆየ አንቾቪ ዓሣ በአንድ ስቲኪኒ ላይ ነው። ጨዋማ፣ ጎምዛዛ፣ ትንሽ የሚያቃጥል። እኔ የወደድኩት እሱን ነው። የአገሩ ሰው አንድ ቤት ገብቶ አንድ ፒንቾ በልቶ፣ አንድ ትንሽ ብርጭቆ ጠጥቶ ይወጣል። ከዚያ ወደሚቀጥለው። ቆሞ ነው የሚበላው። ሳህን ሞልቶ ጥግ መያዝ የእንግዳ ምልክት ነው። ትኩሱን ደግሞ ባንኮኒው ላይ አታገኚውም። ግድግዳው ላይ ከተጻፈው ታዝዢያለሽ፣ ከማድ ቤት ይወጣል። ሐሙስ ማታ ወንዙን ተሻግራችሁ ግሮስ ወደሚባለው ሰፈር ሂዱ። ብዙ ቤቶች መጠጥና ፒንቾ አንድ ላይ በርካሽ ይሰጣሉ፤ የሚበዛውም የሰፈሩ ሰው ነው። ለዚህ ሁሉ አስጎብኚ አያስፈልግም። ምቹ ጫማና ጃንጥላ ይበቃል። ካፊያው አይጠፋም፤ እነሱም ሲሪሚሪ የሚል ስም አውጥተውለታል።

አሁን ወደ በሮቹ ልምጣ።

የመጀመሪያው ቾኮ ነው። ቃሉ «ጥግ» ማለት ነው። አባላት ተሰብስበው የሚያበስሉበትና የሚበሉበት የማኅበር ቤት ነው። በሳን ሴባስቲያን ይህ ነገር ከ1870 ጀምሮ የሚታወቅ ነው። ውስጡ ትልቅ ማድ ቤት፣ ረጃጅም ጠረጴዛ፣ የዘይትና የወይን ጓዳ አለው። አባላቱ ቁልፍ አላቸው። የወሰዱትን ዘይት፣ እንቁላል፣ ጠርሙስ ራሳቸው ቆጥረው ይጽፋሉ፣ ገንዘቡንም ራሳቸው ያስቀምጣሉ። የሚቆጣጠር የለም። በታሪኩ የወንዶች ቤት ነው። ዛሬ ብዙዎቹ ሴትን በእንግድነት ይቀበላሉ፣ በአባልነት የሚቀበሉም አሉ። ግን ሴት ምድጃው ጋ እንዳትደርስ የሚከለክሉ አሁንም አሉ። እኛ ዘንድ «ወንድ ልጅ ማጀት አይገባም» ተብዬ ነው ያደግሁት። እዚያ ማጀቱ የወንድ ሆኖ እኔ ከምድጃው ርቄ ስቀመጥ ምን እንደተሰማኝ ለመግለጽ ይከብደኛል። አልተናደድኩም። አባቴ አንድ ቀን እንዲህ ቆሞ ቢያበስልልን ኖሮ እያልኩ አሰብኩ።

ወደ ቾኮ የሚገባው አባል ሲጋብዝ ብቻ ነው። ትኬት የለውም። እኛን ያስገባን የአስጎብኚያችን ወዳጅ የሆነ ሽማግሌ ነበር። የሠራልን ባካላዎ ፒልፒል ነው። ባካላዎ በጨው የደረቀ ኮድ ዓሣ ነው። ከመሠራቱ በፊት አንድ ሁለት ቀን ውኃው እየተቀየረ ይዘፈዘፋል። ከዚያ በወይራ ዘይት፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ በዝግታ ይበስላል። ሽማግሌው መጥበሻውን በሁለት እጁ ይዞ ያወዛውዛል። ክብ ክብ። ሩብ ሰዓት ያህል አላቆመም። ቀስ በቀስ ዘይቱ ነጭ እየሆነ እንደ ክሬም ወፈረ። ዱቄት የለውም፣ ወተት የለውም። ከዓሣው ቆዳ የሚወጣው ሙጫ ነው ዘይቱን የሚያይዘው። እሳቱ ከበዛ ይበጠሳል። ከቸኮልሽም አይያዝም። ቁሌት ያቁላላች ሴት ይህን ወዲያው ይገባታል። ከኛ ቡድን አንዱ «በማደባለቂያ ቢመታ አይቀልም?» ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌው አየውና ማወዛወዙን ቀጠለ።

ይህ ዓሣ ከሩቅ የመጣ ነው። ባስኮች በ16ኛው ክፍለ ዘመን አትላንቲክን ተሻግረው አሁን ካናዳ በሚባለው አገር ዳርቻ፣ ኒውፋውንድላንድ አካባቢ፣ ዓሣ ነባሪና ኮድ ያጠምዱ ነበር። ካቶሊኮች በጾም ሥጋ ስለማይበሉ የደረቀው ዓሣ ከባሕር ርቀው ለሚኖሩት የጾም ምግብ ሆነ። የኔ ጾም ግን ሌላ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ከምግቡ በኋላ ከአባላቱ አንዱ ተነሳ። በኤውስካራ፣ ያለ መሣሪያ፣ እዚያው እየፈጠረ ዘፈነ። ኤውስካራ የባስኮች ቋንቋ ነው። ከስፓኒሽም ከፈረንሳይኛም አይዛመድም፤ በዓለም ላይ ዘመድ አልተገኘለትም። ስፔንን በአምባገነንነት ይገዛ በነበረው በፍራንኮ ዘመን ከትምህርት ቤትና ከአደባባይ ተገፍቶ ነበር። እንዲህ በቃል እየገጠመ የሚዘፍነው ሰው ቤርትሶላሪ ይባላል። ርዕስ ይሰጡታል፣ ጥቂት ያስባል፣ ከዚያ በዜማ ይገጥማል። ቤቱ መምታት አለበት። አስጎብኚያችን እንዳስረዳን ገጣሚው መጀመሪያ የሚያስበው የመጨረሻውን ስንኝ ነው፤ ከዚያ ወደ እሱ የሚወስደውን መንገድ ይሠራል። በየአራት ዓመቱ ትልቅ ውድድር አለ፤ የፍጻሜውን ቀን ከ10 ሺህ ሰው በላይ ቁጭ ብሎ ይሰማል። ለግጥም! ያን ምሽት ስለኛ ገጠመ። ከሩቅ ስለመጣችው ስለ አበሻዋም አንድ ነገር አለ፣ ሁሉም ጠረጴዛውን መታ። ትርጉሙ ግማሹ ነው የደረሰኝ። አዝማሪ ፊት ተቀምጦ ስሙ የተነሳበት ሰው ያለውን ሙቀት ግን ሙሉ በሙሉ አገኘሁት። ለዚህ ምሽት ብቻ ቢሆን ደግሜ እከፍላለሁ።

ሁለተኛው በር የእረኞቹና የገበሬዎቹ ቤት ነው። ይሄኛው ላይ ችግር ገጥሞኛልና ልብ ብለሽ አንብቢው።

ስመዘገብ ፎርሙ ላይ በግልጽ ጽፌ ነበር። አሳማ አልበላም። ቅርፊት የሌለው የባሕር ነገር፣ ሽሪምፕም ስኩዊድም፣ አልበላም። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ወተት፣ እንቁላል የለም። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍተውም፤ እኔ አልበላም።) ድርጅቱ «ደርሶናል» አለኝ። ለአስጎብኚዋ ግን አልነገሯትም። እሷም እንደኔ ነው ያዘነችው።

ረቡዕ ጠዋት ኦርዲሲያ ወደምትባል ከተማ ገበያ ሄድን። ከ1512 ጀምሮ በየረቡዕ የሚቆም ገበያ ነው። ትልልቅ ዓምዶች ያሉት ጣሪያ ሥር ገበሬዎቹ ቃሪያ፣ ቦሎቄ፣ ቲማቲም፣ አይብ ይዘው ይቆማሉ። ኢዲያሳባል የሚባለው አይብ የሚመጣው ከዚሁ አካባቢ ነው። ላቻ ከሚባሉ ፀጉራቸው ረጅም ከሆነ በጎች ጥሬ ወተት ነው የሚሠራው። ሁሉም ሲቀምስ እኔ አሸተትኩት። እና ደነገጥኩ። የእናቴ የወተት ዕቃ ነው የሸተተኝ! እረኞቹ ድሮ ጎጆአቸው ጭስ ማውጫ አልነበረውም፤ አይቡ ከላይ ተቀምጦ ይታጠናል። ዛሬም የሚታጠን ዓይነት አለ። እኛ ዕቃውን በወይራ እናጥናለን፣ እነሱ አይቡን ራሱን። አንድ ሙሉ ድቡልቡል ገዝቼ ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩ። ሐሙስ ጠዋት ቆረስኩት። ጣዕሙ ከሽታው አላነሰም።

ከገበያው ወደ አንድ የእርሻ ቤት ለምሳ ሄድን። የቀረበው የቶሎሳ ጥቁር ቦሎቄ ነው። በጣም የታወቀ ነው፣ ለብቻው ቢሆን ለጾም የተፈጠረ ነው። ግን አብሮት የደም ቋሊማና የአሳማ ጎድን ተቀቅሏል። ዳቦዬን ይዤ ቁጭ አልኩ። የቤቱ እመቤት ሳህኔን አየች። አስጎብኚዋን ጠየቀቻት፣ ነገሩን ሰማች። ምንም ሳትል ጓሮ ወጥታ ቀጫጭን አረንጓዴ ቃሪያ ለቅማ መጣች። በወይራ ዘይት ጠበሰችው፣ ጨው ነሰነሰችበት። ቲማቲም ከተፈች። በሚቀጥለው ቀን ልታበስለው ካዘጋጀችው ቦሎቄ ለብቻው ቀቅላ ያስቀመጠችው ነበራት፤ እሱን አሞቀችልኝ። «ኤስከሪክ አስኮ» አልኳት፣ አመሰግናለሁ ማለት ነው። ያወቅኳት ብቸኛዋ ቃል ነበረች። እጄን ይዛ ሳመችኝ።

ስለዚህ ፎርሙን አትመኑት። ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት አስጎብኚውን ራሱን በስልክ አነጋግሩት፣ የእያንዳንዱን ረቡዕና ዓርብ ምሳና እራት አስቆጥሩት። አሳማ እዚያ በሥጋ መልክ ብቻ አይመጣም፤ በቦሎቄው፣ በሾርባው፣ በአትክልቱ መሐል ተከትፎ ይገባል።

የምትሄዱበትን ወርም በጾም ካላንደር አይታችሁ ምረጡ። ብዙ ሰው የሚናፍቀው የፖም ጠጅ ቤቶቹን ነው። አስቲጋራጋና ኤርናኒ አካባቢ ናቸው። ዋናው ወቅታቸው ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል ነው፤ ማለት የሚበዛው ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። እዚያ የሚቀርበው ደግሞ በዓሣ የተሠራ የእንቁላል ጥብስ፣ ዓሣ ከቃሪያ ጋር፣ በከሰል የተጠበሰ ትልቅ የከብት ሥጋ፣ መጨረሻ ላይ አይብ ከማርማላታ ጋር ነው። ለጿሚ አንድም የሚቀር ነገር የለም። ጥቂቶቹ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ናቸው፤ እኛ የሄድነው ከነሱ ወደ አንዱ ነው። ባለቤቱ «ቾች!» ብሎ ሲጮኽ ሁሉም ብርጭቆ ይዞ ወደ በርሜሉ ይሮጣል። ጠጁ ከበርሜሉ እየተወረወረ ሲወጣ ራቅ ብለሽ ትቀልቢዋለሽ። ሥጋው ከላይ ተለብልቦ ውስጡ ቀይ ነው። ጀርመኖቹ ፈሩት። ጥሬ ሥጋ ለለመደ ሐበሻ ግን ምንም አይደለም፤ ሚጥሚጣ ብቻ ነው የጎደለው።

በመጨረሻው ቀን ድንበሩን ተሻግረን ፈረንሳይ ገባን፣ ኤስፔሌት ወደሚባል መንደር። ቤቶቹ ነጭ ናቸው። ግድግዳቸው ላይ ቀይ በርበሬ በዘለላ በዘለላ ተሰክቶ ይደርቃል። መንደሩ በሙሉ! እዚያ ቆሜ ስልኬን አውጥቼ ለእናቴ ደወልኩ፣ ግድግዳውን በቪዲዮ አሳየኋት። «ማን ነው የሚቀነጥሰው ይሄን ሁሉ?» አለች። ደርቆ ይፈጫል፣ ከ2000 ጀምሮም ስሙ በሕግ የተጠበቀ ነው። ከኛ በርበሬ ጋር ሲተያይ ለስላሳ ነው፣ ትንሽ ጣፈጥ ይላል። ሽሮ ላይ ሞክሬዋለሁ፤ ቀለሙ ያምራል፣ ግን ብቻውን አይበቃም።

ድርጅት ስትመርጪ እንግዲህ የቡድኑን ብዛት ጠይቂ፤ ከአሥራ ሁለት ከበለጠ ቾኮም የእርሻ ቤትም አይሆንም፣ ሬስቶራንት ነው የሚወስዷችሁ። የፒንቾ ምሽት ስንት ነው? ከሁለት ከበለጠ ለራሳችሁ የምትችሉትን እየሸጡላችሁ ነው። «የቾኮ ልምድ» ብለው ከጻፉ፣ አባል የሚጋብዝበት እውነተኛ ቤት ነው ወይስ ለቱሪስት የተከራየ ማድ ቤት? ሁለተኛው ብዙ ነው። ባለ ኮከብ ሬስቶራንቶቹን ከጉብኝቱ ውጭ ራሳችሁ ብትይዙ ይሻላል፣ ደግሞም ከወራት በፊት።

በጀቱ ከጠበበ እኔ እንዲህ አደርግ ነበር። በራሳችሁ ቢልባኦ ወደምትባለው ከተማ ትበራላችሁ፤ ከአየር ማረፊያው ወደ ሳን ሴባስቲያን ቀጥታ አውቶቡስ አለ፣ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። አራት ቀን ብቻችሁን፣ ሁለቱን ቀን ደግሞ እዚያው ካለ ትንሽ አስጎብኚ ጋር፤ አንዱን ለቾኮ፣ አንዱን ለእረኞቹ። ረቡዕ ኦርዲሲያ በባቡርም ይደረሳል።

ቀኑን ስትቆርጡ ጻፊልኝ። ለአስጎብኚው የምትልኪውን ደብዳቤ አብረን እናዘጋጀዋለን፤ እኔ ከዚያ ረቡዕ በኋላ የጻፍኩት አለኝ።