ትኩሳት የላቸውም፤ ግን «ፈረሱን አስገባ» ይሉኛል

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሱሉልታ ነው። እናቴ 76 ዓመታቸው ነው፤ ስኳርና ደም ግፊት አለባቸው። ባለፈው ሐሙስ ከለቅሶ ቤት ሲመለሱ «ብርድ መታኝ» ብለው ተኙ። ትንሽ ያስላቸዋል። ጎረቤታችን ምች ነው ብለው ዳማከሴ አመጡልን። ግንባራቸውን ስነካው አይተኩስም። ግን ሁለት ቀን ሙሉ እህል አልቀመሱም፤ ቡና እንኳን እምቢ አሉ። ትናንት ማታ ደግሞ እኔን በሟች አጎቴ ስም ጠርተው «ፈረሱን አስገባ፣ ጅብ ይበላዋል» አሉኝ። ፈረስ የለንም። ታላቅ እህቴ እርጅና ነው ትላለች። ወንድሜ ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝቶ መጥቷል። ልስጣቸው? ለጉንፋን ክትባት አለ የሚባለውስ እውነት ነው?
ልጃቸው፣ ከሱሉልታ

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ በጻፍሽልኝ ስልክ ደውዬልሻለሁ። መጽሔቱ እስኪታተም የሚጠበቅ ጉዳይ አልነበረም። እናትሽን በዚያው ማታ ይዘሻቸው ሄድሽ። ኢንፍሉዌንዛ የሚባለው፣ በቫይረስ የሚመጣው ከባድ ጉንፋን ነው ተባለ፤ በላዩም የሳንባ ምች ተጨምሮበታል። ስድስት ቀን ተኝተው፣ ኦክስጅን ተሰጥቷቸው ቤታቸው ገብተዋል። ተመስገን። አሁን የምጽፈው በአንቺ ፈቃድ፣ ዛሬ ማታ እንደ እናትሽ ያሉ ሰው ቤታቸው ለተኙባቸው ሁሉ ነው።

«እርጅና ነው» በሚለው ልጀምር። እርጅና በሁለት ቀን አይመጣም። ሐሙስ ጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው ለቅሶ የሄዱ እናት፣ ቅዳሜ ማታ ልጃቸውን ካላወቁ በሽታ ነው። አዛውንት ላይ ኢንፍሉዌንዛ ብዙ ጊዜ የሚገባው በዚህ በር ነው። ወጣቱን በአንዴ ያተኩሰዋል፣ ራሱን ይፈልጠዋል፣ አጥንቱን ይቆረጥመዋል። ሽማግሌውን ግን ዝም ያሰኘዋል። ምግብ ይዘጋበታል፣ ይዘባርቃል፣ ሳይታሰብ ይወድቃል። ትኩሳት የሚመጣው ሰውነት ቫይረሱን ሲዋጋ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ያ አቅም ይደክማል። ስለዚህ ግንባር ቀዝቃዛ መሆኑ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም።

ይህን ያስተማሩኝ አባቴ ናቸው። እኔ ያኔ ሰንዳፋ አካባቢ ጤና ጣቢያ ነርስ ሆኜ ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። አባቴ 81 ዓመታቸው ነበር። ህዳር ነው፤ ማለዳ ሣሩ ላይ ውርጭ ይታያል። ትንሽ አሳላቸው። ሙቀታቸውን ለካሁ፤ 37.4። «ጉንፋን ነው አባዬ፣ ይለቅዎታል» ብዬ ሥራ ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን ሽንት ቤት ሲሄዱ ወደቁ። ያየሁት መውደቃቸውን ብቻ ነበር። እግራቸውን አሸሁ፤ ትንፋሻቸውን አልቆጠርኩም። በዘጠነኛው ቀን አረፉ። በኋላ የድሮ ካርዳቸውን ሳገላብጥ፣ ደህና ሆነው ሲለኩ ሁልጊዜ 36.2 ነበሩ። አዛውንት ከወትሮው ሙቀታቸው በ1.1 ዲግሪ ከጨመሩ ትኩሳት ነው የሚባለው። ለእሳቸው 37.4 ትኩሳት ነበር። እኔ ነርሷ ልጃቸው አላየሁትም።

ስለዚህ አደራ የምለው ትንፋሽ ቁጠሩ ነው። ምንም ዕቃ አይፈልግም። ሰውየው አርፎ ሲተኛ ደረቱ ሲነሳና ሲወርድ እያያችሁ፣ በስልካችሁ ሰዓት አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ደህና አዋቂ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ከ25 ካለፈ ያሳስባል። 30 ከደረሰ አትደሩ፤ በሌሊት መሄድ ነው። የእናትሽን ትንፋሽ በስልክ ሳስቆጥርሽ 32 ነበር፤ «ተነሺ» ያልኩሽ ለዚህ ነው። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ያለው ደግሞ 90 ወይም ከዚያ በታች ካሳየው አይጠብቅ። ከንፈር መጥቆር፣ የደረት ሕመም፣ ሰውን አለማወቅ፣ ቀኑን ሙሉ አለመሽናትም እንደዚያው ነው። ሌላ አሳሳች ነገር አለ። በአራተኛው አምስተኛው ቀን «ተሻለኝ» ብሎ ተነስቶ እንደገና የሚተኛ ሽማግሌ አለ። ቫይረሱ ባቆሰለው ሳንባ ላይ ባክቴሪያ ሲገባ እንዲህ ይሆናል። እኛ ሰፈር «አገረሸበት» ተብሎ ይታለፋል። አይታለፍ። ከተማ ዳር ታክሲ በማታ እንደማይገኝ አውቃለሁ፤ እኔም እዚሁ ነኝ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ባጃጅ ያለው ጎረቤት ስልክም በግድግዳ ላይ ይጻፍ።

ስኳር ስላለባቸው አንድ ነገር ልጨምር። ኢንፍሉዌንዛ ስኳርን ከፍ ያደርጋል። በሌላ በኩል ምግብ ሳይበሉ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ክኒን ከወሰዱ ስኳራቸው ይወርዳል፤ ስኳር ሲወርድም ሰው ይዘባርቃል። «ፈረሱን አስገባ» ሲሉሽ ቶሎ ስኳራቸውን ማየት የነበረብሽ ለዚህ ነው። መድኃኒቱን በራስሽ አታቋርጪ፤ ግን ካልበሉ በዚያኑ ቀን ባለሙያ ጠይቂ።

አሞክሳሲሊኑን ባለመስጠትሽ ደስ ብሎኛል። አንቲባዮቲክ ቫይረስ አይገድልም። የሳንባ ምች ከተጨመረ ደግሞ የትኛው መድኃኒት፣ በምን ያህል መጠን የሚለውን ሐኪም ደረታቸውን አዳምጦ ይወስናል። ለኢንፍሉዌንዛ ራሱ ኦሴልታሚቪር የሚባል መድኃኒት አለ። ሕመሙ በጀመረ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው የበለጠ የሚጠቅመው። በጠና ለታመመ ሰው ከዚያ በኋላም ይሰጣል። ሁለት ቀን አልጋ ላይ መጠበቅ የሚያስከፍለው ይህንንም ጭምር ነው።

ጎረቤታችሁን አትቆጫቸው፤ በፍቅር ነው ያመጡት። ዳማከሴውን ደህና ሰው ያሽትተው፣ ችግር የለኝም። ግን አእምሮው ለተምታታ ሰው በአፍንጫም በአፍም ምንም እንዳይፈስ፤ ወደ ሳንባ ይሄዳል። ከሰል አቀጣጥሎ መኝታ ክፍል ማስገባትም ይቅር፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል። «ምች» የሚለው ቃል ራሱ ያሳስተናል። ፀሐይ የመታውም ምች፣ ሳንባው የቆሰለውም ምች።

አያቴ ስለ ህዳር በሽታ ያወሩን ነበር። በ1911 ዓ.ም. ህዳር አዲስ አበባ ውስጥ ሬሳ የሚቀብር ሰው ታጣ ይሉ ነበር። ያም ኢንፍሉዌንዛ ነው። ራስ ተፈሪም ታመው ድነዋል። የያኔው ጎልማሳውን ለይቶ ጨረሰ፤ የዛሬው በየዓመቱ የሚመጣው ግን በብዛት የሚወስደው አዛውንቶችን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት ከ290 ሺህ እስከ 650 ሺህ ሰው በዚሁ ሳቢያ በመተንፈሻ ችግር ይሞታል ብሎ ይገምታል። ህዳር 12 ቆሻሻ የምናቃጥለው ያንን መዓት ለማስታወስ ነው። እዚህ ዳር ላይ ግን ፌስታልና ላስቲክ ስለሚቃጠል፣ በዚያ ቀን የሚያስላቸው ሽማግሌዎች ጭሱን ውጠው ያድራሉ። እባካችሁ መስኮታቸውን ዝጉላቸው፤ ላስቲኩንም ተዉት።

የኢንፍሉዌንዛ ክትባት አለ የሚባለው እውነት ነው። ቫይረሱ ስለሚቀያየር በየዓመቱ ይወሰዳል፤ ለመሥራትም ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ፈጽሞ አይዝም ማለት አይደለም፤ ቢይዝም እንዳይጠና ያግዛል። በአገራችን ጤና ጣቢያ ለልጆች እንደሚሰጡት መደበኛ ክትባቶች አይደለም። ለክትትል ስትሄዱ ሐኪማቸውን ጠይቂ፤ ስለ ሳንባ ምች ክትባትም አብረሽ አንሺ። አንቺና ልጆችሽም ጉንፋን ሲይዛችሁ ጉንጫቸውን አትሳሙ። ሰው ገና ሳያስለው፣ አንድ ቀን ቀድሞ ሊያስተላልፍ ይችላል። ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተጠጋግቶ መቀመጥ በዚህ ወቅት ለእሳቸው ከባድ ነው። ደጅ ላይ ይቀመጡ፤ የአካባቢው ሰው ይረዳል።

አሁን ቤት ከገቡ ወዲህ «ደክሞኛል» ይላሉ ብለሽኛል። ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ልብን ግን ተጠንቀቂ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የካናዳ ጥናት፣ ኢንፍሉዌንዛ በተረጋገጠ በመጀመሪያዎቹ ሰባት ቀናት የልብ ደም ሥር ተዘግቶ የሚመጣው ድንገተኛ የልብ ሕመም አደጋ ስድስት እጥፍ ገደማ እንደሚጨምር አሳይቷል። ያ ሳምንት አልፏል፤ ቢሆንም የግፊት መድኃኒታቸው አይዘለል፤ ደረታቸውን ካመማቸው አትጠብቂ። በየቀኑ እስከ አጥሩ በር አብረሻቸው ሂጂ፣ ተመለሱ። መጀመሪያ ሰሞን ወንበር በመሃል ይኑር። ቡናውንም እንደገና መጠየቅ ከጀመሩ ደውለሽ ንገሪኝ፤ መስማት እፈልጋለሁ።