መጀመሪያ ምርመራው ወይስ መርፌው?

በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ ጥያቄዎች ውስጥ ብዙዎቹ «ከመከተቤ በፊት ልመርመር?» የሚሉ ናቸው። መልሱ እንደ ክትባቱ ይለያያል።

ጥያቄ፦ እናቴ 67 ዓመቷ ነው፤ ስኳርና ደም ግፊት አለባት። ኮቪድ ይዟት ድናለች። አሁን «አንቲቦዲዬ ሳይታይ አልከተብም» ትላለች። (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ ገንዘቡን ለስኳር መለኪያዋ ብታውሉት ይሻላል። አንቲቦዲ ሰውነት በሽታን ለመከላከል የሚያመርተው ፕሮቲን ነው፤ ምርመራው ሰውነቷ ከቫይረሱ ወይም ከክትባቱ ጋር መተዋወቁን ያሳያል እንጂ «ከዚህ ቁጥር በላይ ከሆነ አይነካትም» የሚያሰኝ የታወቀ ልክ የለውም። ኮቪድ የሚበረታው ደግሞ በዕድሜ በገፉና ስኳር ባለባቸው ላይ ነው። ስለዚህ ስኳሯ መከተቢያ ምክንያት ነው። መድኃኒቷን በመርፌው ቀንም አታቋርጥ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በእርግዝና ክትትል ላይ ሄፓታይተስ ቢ ተገኘባት። ሳህንና ብርጭቆ ለይተንላታል። እኔስ ዝም ብዬ ልከተብ? (ከፒያሳ)

መልስ፦ ሳህኑን ዛሬውኑ መልሱላት! ጉበትን የሚያጠቃው ይህ ቫይረስ የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ነው። አንድ መሶብ ቀርቦ መብላትም መጎራረስም አያስተላልፍም። መለየት ያለበት ምላጭና የጥርስ ብሩሽ ነው። በስንቱ ቤት ብርጭቆ ሲለይ አይቻለሁ፤ እንዲያው ሰው ማስከፋት ብቻ!

ለእርስዎ ግን ምርመራው ይቀድማል። ቫይረሱ ደምዎ ውስጥ ካለ ክትባቱ አይጠቅምዎትም፤ የሚያስፈልግዎት የጉበት ክትትል ነው። ከሌለና መከላከያም ካላዳበሩ ሦስት መርፌ ይወስዳሉ፦ ዛሬ፣ ከወር በኋላና በ6ኛው ወር። እስኪጨርሱ ኮንዶም ይጠቀሙ። ከመጨረሻው መርፌ 1 ወይም 2 ወር ቆይተው አንቲቦዲዎን ያስለኩ፤ 10ና ከዚያ በላይ ከሆነ ክትባቱ ይዟል ማለት ነው። ለኮቪድ የለም ያልነው ልክ ለዚህኛው አለ።

ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ መከተብ አለበት። በ6 ሳምንቱ የሚጀመረውን፣ ሄፓታይተስ ቢን የሚጨምረውን መደበኛ ክትባት ከጠበቃችሁ ይዘገያል፤ ለሚያዋልዷት ከአሁኑ ንገሩ።

ጥያቄ፦ የኤችአይቪ መድኃኒት እወስዳለሁ። ወደ ጋና ልሄድ ስል የቢጫ ወባ ክትባት ተጠየቅሁ። (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ይህ ክትባት ሕያው፣ ግን የተዳከመ ቫይረስ ነው። ሲዲ4 (ኤችአይቪ የሚያጠቃቸው የመከላከያ ሴሎች ቁጥር) ከ200 በታች ከሆነ አይሰጥም፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚከታተልዎትን ሐኪም ያማክሩ። የማይመችዎ ከሆነ በቢጫ ካርዱ (መንገደኛ የሚይዘው የክትባት ምስክር ወረቀት) ላይ የሐኪም ማስረጃ ይጻፍልዎታል። ካርዱ የሚሠራው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አያቆዩት።

ጥያቄ፦ ጠበል ላይ ነኝ፤ መርፌ አይሆንም ይሉኛል። (ከጊዮርጊስ አካባቢ)

መልስ፦ ስለ ጠበሉ የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ። በሕክምናው በኩል ጠበል ላይ መሆን መርፌ አይከለክልም፤ ኃይለኛ ትኩሳት ካለዎት ግን እስኪለቅዎ ይቆዩ።