የኮምፒውተር ሳይንስ ዲግሪ በኢንተርኔት፦ ከጎጃም ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ፣ ሥራዬን ሳልለቅ፣ የኮምፒውተር ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪዬን በኢንተርኔት ተምሬ ጨርሻለሁ። በዚሁ ምክንያት ሰሞኑን ከተለያዩ ወረዳዎች የደረሱኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ፍኖተ ሰላም፣ 12ኛ ክፍል የጨረሰ)፦ ጋሼ፣ «ከትምህርት ክፍያ ነፃ» የሚል የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ አይቻለሁ። በእርግጥ ነፃ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያየኸው በ2009 እ.ኤ.አ. የተመሠረተውን ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ ፒፕልን ይመስለኛል፤ እኔም የተማርኩት እዚያው ነው። ለማስተማሩ አያስከፍልም፤ ለማመልከቻና ለእያንዳንዱ ኮርስ ምዘና ግን ያስከፍላል። ስለዚህ «ነፃ» የሚለውን ቃል ትተህ ጠቅላላውን ሒሳብ ሥራ። ዲግሪው 40 ኮርስ ነው፤ ለስሌት ያህል በኮርስ 150 ዶላር ብንይዝ 6,000 ዶላር ይሆናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ስለነበር ይህ ገንዘብ 342,000 ብር ገደማ ነበር፤ ሳምንታት ሳይቆይ ዶላሩ ከ100 ብር ሲያልፍ ያው ዲግሪ ከ600,000 ብር በላይ ሆነ። ዩኒቨርሲቲው አንድ ሳንቲም ሳይጨምር የተማሪው ወጪ በእጥፍ ሊቃረብ ይችላል ማለት ነው። ዛሬ ላይ ያለውን ክፍያ ከራሱ ከዩኒቨርሲቲው ገጽ ወስደህ በ40 አባዛ፤ ከዚያም ምንዛሪው ቢጨምር የምትችለው መሆኑን አስብ። የክፍያ ድጋፍ መጠየቅም ይቻላል፤ ከመመዝገብህ በፊት ጠይቅ።

ጥያቄ (ሞጣ፣ የተማሪ እናት)፦ ልጄ በውጭ ዩኒቨርሲቲ ቤቷ ተቀምጣ ብትማር፣ ወረቀቷን አገራችን ይቀበለዋል ወይ? ላሜን ሸጬ ነው የማስተምራት።

መልስ፦ እትዬ፣ ከዋጋ በፊት መጠየቅ ያለበትን ጠይቀዋል። በውጭ አገር የተገኘ ዲግሪ እዚህ ለመንግሥት ሥራም ሆነ ለቀጣይ ትምህርት እንዲያገለግል የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አቻ ግምታ፣ ማለትም ከአገር ውስጥ ዲግሪ ጋር እኩል መሆኑን የሚገልጽ ማረጋገጫ፣ ሊሰጠው ይገባል። እንግዲህ የመጀመሪያው እርምጃ ገንዘብ መክፈል አይደለም፤ የዩኒቨርሲቲውን ስም፣ የትምህርቱን ዓይነትና ትምህርቱ ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት የሚሰጥ መሆኑን ገልጾ፣ የልጅዎን የ12ኛ ክፍል ውጤት ኮፒ አያይዞ፣ ባለሥልጣኑን በጽሑፍ መጠየቅና መልሱንም በጽሑፍ መቀበል ነው። በቃል የተነገረ «ችግር የለውም» ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላ ማስረጃ አይሆንም። የደላላና የአስመዝጋቢ ቃልማ ጨርሶ አይቆጠርም።

ሁለተኛው ነገር የዩኒቨርሲቲው ዕውቅና በአገሩ መረጋገጡ ነው። የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር ዕውቅና ያላቸውን ተቋማት መዝገብ ለሕዝብ ክፍት አድርጓል፤ ልጅዎ ስሙን እዚያ ትፈልገው። ከመዝገቡ ከሌለ፣ ወይም ያለ ፈተና «በሥራ ልምድ ብቻ ዲግሪ እንሰጣለን» የሚል ከሆነ፣ ላምዎን አይሽጡ። አገር ውስጥ ያለ የግል ኮሌጅ ከመረጡም የኮሌጁ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም፤ ፈቃዱ ለኮምፒውተር ሳይንስና በኢንተርኔት ለማስተማር የተሰጠ መሆኑን ይጠይቁ። አገር ውስጥ የሚመረቅ ተማሪ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና እንደሚወስድና ለማለፍ 50 ከመቶ እንደሚጠበቅበትም ይወቁ፤ ኮሌጁ ስንቱን ተማሪ እንዳሳለፈ መጠየቅ መብትዎ ነው። ይህ ጥያቄ ከማስታወቂያው ሁሉ የበለጠ ስለ ኮሌጁ ይነግርዎታል።

ጥያቄ (ደጀን)፦ መብራትና ኔትወርክ እንዲህ እየተቆራረጠ በኢንተርኔት መማር ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ነገር ግን ትምህርት ቤት ሲመረጥ የክፍያውን ያህል የሰዓት አሠራሩም መታየት አለበት። በተወሰነ ሰዓት በቀጥታ ገብታችሁ ካልተከታተላችሁ ቀሪ የሚያደርግ ትምህርት ለእኛ አካባቢ አይሆንም። የሳምንቱን ንባብና የቤት ሥራ በአንድ ጊዜ የሚለቅና እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ጊዜ የሚሰጥ ይሻላል። እኔ በተማርኩበት ሳምንቱ በእነሱ አቆጣጠር ረቡዕ እኩለ ሌሊት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ይዘጋ ነበር፤ ለእኛ ሐሙስ ጠዋት 2 ሰዓት ሊሞላ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ ሥራዬን እስከዚያች ጠዋት አቆየው ነበርና አንድ ቀን የሌሎች ተማሪዎችን ሥራ እየገመገምኩ ሳለ መብራት ሄደ፤ ዋይፋዩም አብሮ ጠፋ፤ የስልኬም ዳታ አልሠራ አለ። የዚያ ሳምንት ነጥቤ ቀረ። ከዚያ በኋላ ሐሙስ ማታ ንባቡን በሙሉ አውርጄ በላፕቶፑ ላይ አስቀምጥ፣ ጽሑፉን ከኢንተርኔት ውጪ ጽፌ ጨርሼ እሑድ እልክ ጀመር፤ ረቡዕን ለክፉ ቀን ብቻ ተውኩት። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት በክልላችን ለረጅም ጊዜ ሲቋረጥ ግን ይህም ዘዴ አይበቃም ነበርና፣ ትምህርት አቋርጦ ያለ ቅጣት መመለስ መቻሉን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ለኔ ይህ ከዋጋ ቅናሽ ይበልጣል።

ጥያቄ (ቢቸና፣ የሒሳብ መምህር)፦ በሒሳብ ዲግሪ አለኝ። ሌላ የመጀመሪያ ዲግሪ ልጀምር?

መልስ፦ መምህር፣ እኔ አልመክርዎትም። ሒሳቡ በእጅዎ ስለሆነ ወደ ሁለተኛ ዲግሪ ቢያስቡ ይሻላል። ጆርጂያ ቴክ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢንተርኔት የሚሰጠው የኮምፒውተር ሳይንስ ማስተርስ ጠቅላላ ክፍያው 7,000 ዶላር ገደማ ነው፤ ትምህርቱ ግን ከባድ ነውና ከማመልከትዎ በፊት ዳታ ስትራክቸርና አልጎሪዝም የተባሉትን መሠረታዊ ኮርሶች በሚገባ ይማሩ።

ጥያቄ (ደብረ ማርቆስ)፦ በቪዲዮ የማያቸው ሰዎች ዌስተርን ገቨርነርስ በሚባል ዩኒቨርሲቲ በርካሽ ጨረስን ይላሉ። የለንደን ዩኒቨርሲቲም እንዲሁ ይባላል።

መልስ፦ የመጀመሪያው የሚቀበለው በአሜሪካ የሚኖሩትን ነው፤ ለእኛ አይሆንም። የለንደኑ ኮርሴራ በተባለው የኢንተርኔት መማሪያ ገጽ በኩል ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሰጣል፤ ክፍያው እንደ ተማሪው አገር ስለሚለያይ የኢትዮጵያን ነጥለሽ ተመልከቺ። የትኛውንም ብትመርጪ የኮርሶቹን ዝርዝር አንብቢ። ዲስክሪት ሒሳብ፣ ዳታ ስትራክቸር፣ አልጎሪዝም፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ዳታቤዝና ኔትወርክ ከሌሉበት፣ ስሙ ኮምፒውተር ሳይንስ ቢባልም ትምህርቱ ሌላ ነው።

ጥያቄ (ቡሬ)፦ ላፕቶፕ የለኝም። በስልክ ልጀምር?

መልስ፦ ንባቡን በስልክ ትዘልቀዋለህ፤ ኮዱን ግን አትዘልቀውም። ለመጀመሪያዎቹ ኮርሶች ያገለገለ ላፕቶፕ ይበቃል፤ 8 ጊጋባይት ራም ያለውና ባትሪው የማይከዳ ይሁን። ላፕቶፑን እስክትገዛ ድረስ ሃርቫርድ በነፃ የሚሰጠውን ሲኤስ50 የተባለ የመግቢያ ኮርስ የወጣቶች ማዕከል ወይም ትምህርት ቤት ባለ ኮምፒውተር ጀምረው። ከመግቢያው ሳምንት ቀጥሎ ያሉት ሳምንታት ሲ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ኮድ የሚጻፍባቸው ናቸው፤ ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያዎቹን አራት ሳምንታት የቤት ሥራውን ራስህ ሠርተህ ከጨረስክ ጻፍልኝ፤ የማመልከቻውን ነገር ያኔ አብረን እናያለን።